ያልተመታውን ምት መስማት

(ይህ ጽሑፍ በቅርቡ በአንድ አዳራሽ ካቀረብኩት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ጠረጴዛ እየመታሁ ያሳየሁትን በቃላት ለመተካት ሞክሬያለሁ። ቃላት ሲያጥሩኝ እናንተው ጠረጴዛ እንድትመቱ እጠይቃለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ጥፋተኛው የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ነው። በደንብ አልተዘጋም ነበርና ያንጠባጥባል። ጠብ። ጠብ። ጠብ። መጀመሪያ ላይ ግድ አልሰጠኝም። ጠብታዎቹ እኩል እኩል ነበሩ፤ እንዲያውም እሹሩሩ የሚሉኝ ይመስሉ ነበር። ዓይኔ ሊከደን ሲል አንዷ ጠብታ ቀረች። በቃ፣ ነቃሁ።

ልብ በሉ፤ የቀሰቀሰኝ ድምፅ አይደለም። ዝምታ ነው። ያውም ማንኛውም ዝምታ ሳይሆን ጠብታ ሊኖርበት ይገባ የነበረ ዝምታ። ተነስቼ ቧንቧውን ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት። ተመልሼ ስጋደም ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ቧንቧ አልተዘጋም። ጠብ ሊል ነው፣ አሁን ሊል ነው እያልኩ ስጠብቅ ነጋ።

የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያ ስለሁለተኛው ቧንቧ ነው።

እስቲ አንድ ነገር እንሞክር። (እዚህ ላይ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ጫፍ ሰባት ጊዜ እኩል እኩል መታሁ። ለስምንተኛው እጄን አነሳሁና አየር ላይ አስቀረሁት።) አያችሁ? እኔ አልመታሁም። ግን ብዙዎቻችሁ ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። ከፊት የተቀመጠችው እህታችንማ ትከሻዋን ሰበቅ አደረገች። እና ስምንተኛው ምት የት ነበር? ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። አየሩ ውስጥም አልነበረም። የድምፅ መቅጃ ብናስቀምጥ የሚመዘግበው ሰባት ብቻ ነው። ስምንተኛው የነበረው እናንተ ጋ ነው።

በአማርኛ «ምት» የምንለው ቃል የመጣው «መታ» ከሚለው ነው። አንድ ሰው ከበሮ ይመታል፤ ምት ይወጣል። ቃሉ ራሱ ትንሽ ያሳስተናል ባይ ነኝ። ምቱ የመቺው ንብረት ይመስለናል። መቺው ግን የሚሰጠን ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁን ምት የሚያደርገው ሰሚው ነው፤ ያውም በመጠበቅ።

መጠበቅ ስል እንዲሁ የተዋበ አነጋገር ፈልጌ አይደለም። የሚለካ ነገር ነው። ሜትሮኖም ታውቃላችሁ፤ ሙዚቃ የሚማሩ ሰዎች ፍጥነት ለመጠበቅ የሚጠቀሙበት ቀጭ ቀጭ የሚል መሣሪያ። (ሜልዝል የሚባለው ጀርመናዊ የባለቤትነት መብቱን ያወጣው በ1815 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ አትደናገሩ።) አንድ ሰው ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ጣቱን እንዲመታ ብትነግሩት፣ ድምፁን ሰምቶ እስኪመታ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ናት። ጆሮ ሰምቶ፣ አንጎል አዝዞ፣ ጡንቻ እስኪታዘዝ ጊዜ ይወስዳል።

እንግዲህ ያንኑ ሰው «ከሜትሮኖሙ ጋር አብረህ ምታ» በሉት። እየሰማ የሚመታ ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር። አይዘገይም። እንዲያውም ይቀድማል! ብዙ ሰው ከሜትሮኖሙ በጥቂት አሥሮች በሚቆጠር ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ይመታል። የሠለጠኑ ሙዚቀኞች የሚቀድሙት በትንሹ ነው፤ ያልሠለጠነው ሰው ሰፋ አድርጎ ይቀድማል። ደስ የሚለው ነገር፣ መቅደሙን ማንም አያውቀውም። ብትጠይቁት «ልክ አብሬው ነኝ» ይላችኋል፤ ቢምልም አይዋሽም።

ነገሩ ኳስ እንደመያዝ ነው። እጃችሁን የምትልኩት ኳሱ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ነው። ጆሮም እንዲሁ ያደርጋል። የሚቀጥለው ምት ወደሚወድቅበት ቦታ ቀድሞ ይሄዳል፣ እዚያ ቆሞ ይጠብቃል። ዓይን በዚህ ሥራ ብዙም አይጠቅምም። ብልጭ ድርግም ከሚል መብራት ጋር ጣታችሁን ለማስማማት ሞክሩ፤ ከድምፅ ጋር እንደምትስማሙት አትስማሙም። ዓይን ጎበዝ የሆነው ቦታ ላይ ነው። ጊዜ የጆሮ ነው።

ይሁንና ጆሮም ወሰን አለው። ይህን አሁኑኑ በጣታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ጠረጴዛውን በየአምስት ሰከንዱ አንድ ጊዜ ምቱ። ምት ተሰማችሁ? አይሰማችሁም። የሚሰማችሁ አንድ ድምፅ፣ ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ከዚያ ሌላ ነው። አይያያዙም። በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ጊዜ ወደ ሁለት ሰከንድ ሲጠጋ ክሩ ይበጠሳል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ክፍተቱ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ሲያንስ እየቆጠርን መከተል ያቅተናል። የበለጠ ብታፈጥኑት፣ በሰከንድ ከሃያ ጊዜ በላይ ስትደርሱ፣ ጉድ ይፈጠራል፦ ምቱ ይጠፋና ወፍራም ድምፅ ይሆናል። ሞተር ሲነሳ መጀመሪያ ዱግ ዱግ ዱግ ይልና ኋላ እምምም እንደሚለው ማለት ነው። ዜማና ምት የተለያዩ ነገሮች ይመስላሉ፤ ከታች ሲታዩ ግን አንድ መሰላል ናቸው። ታችኛው እርከን ላይ እንቆጥራለን፣ ላይኛው ላይ እናንጎራጉራለን።

ከሁለቱ ወሰኖች መሀል አንድ ምቹ ቦታ አለ። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፖል ፍሬስ ይህን ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ሰዎችን «ደስ ባላችሁ ፍጥነት ጠረጴዛ ምቱ» ብትሏቸው ሰው ከሰው ቢለያይም ብዙዎቹ 600 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይመቱላችኋል። በደቂቃ መቶ ያህል ምት ማለት ነው። የሰው የእግር ጉዞም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በሰከንድ ሁለት እርምጃ ገደማ ነው። የትኛው ከየትኛው እንደመጣ መከራከር ይቻላል። እኔ ለእግር አደላለሁ።

አሁን ወደ ሰዓት ልውሰዳችሁ። የግድግዳ ሰዓት ምን ይላል? «ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ» አላችሁኝ። እሺ። ግን ብዙ ሰዓቶች «ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ነው የሚሉት። ድምፆቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ቋ» የምትለዋን የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ። አሜሪካዊው ታዴየስ ቦልተን ይህን በ1894 በቤተ ሙከራ አጥንቶ አሳትሞታል። በምንም የማይለያዩ ድምፆች ሲያሰማቸው፣ ሰዎቹ በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ቋጥረው ሰሟቸው። አንዱ ጠንከር ያለ፣ ሌላው ላላ ያለ ሆኖ ተሰማቸው። ድምፁ ውስጥ ግን ጠንካራም ላላም አልነበረም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ሰዓቱ ሥር ቁሙና «ቀጭ ቋ» ሲል አዳምጡ። ከዚያ በሐሳባችሁ ብቻ ገልብጡት፤ ሁለተኛው ጠንካራ ይሁን። ይገለበጣል። ከዚያ በሦስት ቁጠሩት። ሰዓቱ ወዲያው ቫልስ፣ ያ በሦስት የሚቆጠረው የፈረንጅ ዳንስ ይሆናል። ሰዓቱ ምንም አልተለወጠም፤ ባትሪው እንኳ አልተነካም። እኔ ይህን ጨዋታ ወረፋ ስጠብቅ እጫወተዋለሁ። በነፃ የሚገኝ መዝናኛ ነው።

«ይሄ ሁሉ ተምረን የመጣ ልማድ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ግማሽ አዎ ግማሽ አይደለም ነው።

መጀመሪያ አይደለም የሚለውን ልያዝ። በ2009 ኢስትቫን ዊንክለርና ሄንክያን ሆኒንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አሳተሙ። የተጠኑት ገና በተወለዱ በጥቂት ቀናቸው ያሉ ሕፃናት ናቸው። ሕፃናቱ ተኝተዋል። ጭንቅላታቸው ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግቡ ትንንሽ ነገሮች ተለጥፈዋል። በጆሯቸው የድራም ምት ይገባል። አልፎ አልፎ ከምቱ ላይ አንድ ድምፅ ይጎደላል። የተጎደለው ተራ ድምፅ ሲሆን አንጎላቸው ግድ አልሰጠውም። የተጎደለው ዋናው ምት፣ «አንድ» ብለን የምንቆጥርበት ሲሆን ግን አንጎላቸው «ምን ጎደለ?» አለ። የእኔን ቧንቧ አስቡ። ተናግሮ የማያውቅ፣ ቆሞ የማያውቅ፣ ያውም የተኛ ሕፃን የቀረችውን ጠብታ ያውቃታል። ውጤቱ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። የሆነ ሆኖ፣ መጠበቅ የሚጀምረው በጣም ቀድሞ እንደሆነ ያመላክታል።

ሌላው በጣም የምወደው ሙከራ በ2005 ካናዳ ውስጥ የተሠራ ነው። ልጆቹ ሰባት ወራቸው ነው። አንድ ምት ይሰማሉ። በምቱ ውስጥ ጠንካራና ላላ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም እኩል ነው። በሁለትም ሊቆጠር ይችላል፣ በሦስትም። እየሰሙ ሳለ አንድ ሰው አቅፎ ብድግ ቁጭ ያደርጋቸዋል። ግማሾቹን በየሁለተኛው ምት፣ ግማሾቹን በየሦስተኛው። ኋላ ላይ ሁለት ዓይነት ምት አሰሟቸው፤ አንደኛው በሁለት የጠነከረ፣ ሌላው በሦስት። በሁለት የተወዘወዙት የሁለቱን፣ በሦስት የተወዘወዙት የሦስቱን መርጠው ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጡ። ዓይናቸው ተሸፍኖ ሲወዘወዙም ያው ነው። ራሳቸው ሳይወዘወዙ ሌላ ሰው ሲወዘወዝ ብቻ ሲያዩ ግን ምርጫ አልነበራቸውም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ድምፁ አንድ ነው። ገላቸው የተንቀሳቀሰበት መንገድ ጆሯቸው የሰማውን ለወጠው። ልጅ አቅፋችሁ እሹሩሩ ስትሉ እያስተኛችሁት ብቻ አይደለም። መቁጠር እያስተማራችሁት ነው።

በአዋቂም ቢሆን ጆሮና ገላ አይላቀቁም። በ2007 ጄሲካ ግራንና ማቲው ብሬት ሰዎችን የአንጎል ምስል በሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው ምት አሰሟቸው። እንዳትንቀሳቀሱ ተብለዋል። ጣት እንኳ አይነቃነቅም። ቢሆንም ግልጽ ምት ያለውን ድምፅ ሲሰሙ በርትተው የሠሩት እንቅስቃሴን የሚያቅዱት የአንጎል ክፍሎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ከአንጎል ሥር ጠልቆ የሚገኘው ቤዛል ጋንግሊያ የሚባለው ነው። ስለዚህ «ዝም ብዬ እያዳመጥኩ ነው» የሚል ሰው እውነቱን አይደለም። ከውስጥ እየጨፈረ ነው።

ይሄው ቤዛል ጋንግሊያ በፓርኪንሰን በሽታ የሚጎዳው ክፍል ነው። ይህ በሽታ የያዘው ሰው እርምጃው ያጥራል፣ እግሩ መሬቱን ይጎትታል፣ አንዳንዴም በር ላይ ሲደርስ እግሩ እንደተቸነከረ ይቆማል። አእምሮው «ሂድ» ይላል፤ እግሩ አይሰማም። እንግዲህ ለዚህ ሰው እኩል የሚመታ ድምፅ አሰሙት። ብዙዎቹ ይራመዳሉ። እርምጃቸው ይረዝማል፣ ፍጥነታቸው ይጨምራል። ማይክል ታውትና ባልደረቦቹ በ1996 ባሳተሙት ጥናት ታማሚዎች ለሦስት ሳምንት ምት እየሰሙ መራመድን ተለማመዱና አካሄዳቸው ተሻሻለ። በሽታው አልዳነም። ግን ከውስጥ የጠፋው ቆጣሪ ከውጭ ሲመጣ እግር ይታዘዛል። አንድ ቪዲዮ አይቼ ነበር፤ አንድ አዛውንት ኮሪደር መሀል ደርቀው ቆመዋል። ከጎናቸው ያለች ሴት «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» አለች። ሄዱ። በቃ፣ ሄዱ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት።

ቅድም ግማሽ አዎ ብያለሁ፤ እሱን ላምጣው። እስካሁን ያወራሁት ስለ እኩል ምት ነው። በዓለም ላይ ግን እኩል ያልሆኑ ምቶች ሞልተዋል። በቡልጋሪያና በመቄዶንያ አንዱ ምት አጭር፣ ሌላው ረዥም ሆኖ በሰባት የሚቆጠር ሙዚቃ አለ። በእጃችሁ ሞክሩት፦ *ታ*-ታ፣ *ታ*-ታ፣ *ታ*-ታ-ታ። ጠንከር ባሉት ላይ ብቻ አጨብጭቡ። የመጨረሻው ትንሽ ይቆያል፤ አንካሳ ይመስላል። ኤሪን ሃኖንና ሳንድራ ትሬሁብ በ2005 ይህን ለሰሜን አሜሪካ አዋቂዎች ሲያሰሟቸው፣ ምቱ ሲበላሽና ሳይበላሽ መለየት አስቸገራቸው። ከቡልጋሪያና ከመቄዶንያ የመጡት አላስቸገራቸውም። የስድስት ወር የሰሜን አሜሪካ ሕፃናትም አላስቸገራቸውም! የአንድ ዓመት ልጆች ግን እንደ ወላጆቻቸው ሆነው ተገኙ። በስድስት ወር ውስጥ አንድ በር ገርበብ ብሏል። አልተቆለፈም፤ የዓመት ልጆቹ ያንን ሙዚቃ ለአጭር ጊዜ ቤታቸው ሲሰሙ መልሰው ለዩት። ስለዚህ የሌላ ሕዝብ ሙዚቃ «ምቱ ተዛነፈብኝ» ካላችሁ፣ የተዛነፈው ሙዚቃው ላይሆን ይችላል።

እንስሳት ምት ይሰማሉ ወይ የሚል ጥያቄ በየቦታው ይገጥመኛል። አጭሩ መልስ፦ ጥቂቶች። ስኖውቦል የሚባል ነጭ በቀቀን ሙዚቃ ሲፋጠን አብሮ እየፈጠነ፣ ሲዘገይ አብሮ እየዘገየ እንደሚጨፍር በ2009 ተረጋግጧል። ሮናን የምትባል የባሕር አንበሳ ደግሞ ሠልጥና ራሷን ከምት ጋር ትነቀንቃለች። ከሰው ጋር ሺህ ዓመታት የኖረው ውሻ ግን ከበሮ ቢመታለትም ባይመታለትም ደንታ የለው። ለምን? ግምቶች አሉ፤ አንዳቸውም እኔን አላረኩኝም፤ እንለፈው።

ወደ ንግግር እንግባ። እዚህ ላይ አንድ የራሴን ውርደት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ልምምድ ቁጥሮችን በድምፄ ቀዳሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሐሳቤ በየሰከንዱ አንድ ቁጥር እንዲሰማ ነው። ኮምፒውተር ላይ የድምፁን ሞገድ እያየሁ እያንዳንዱን ቃል ልክ ሰከንዱ መስመር ላይ አስጀመርኩት። እንደ ልብስ ስፌት፣ ጫፍ ከጫፍ። ማጫወቻውን ስነካው የሚቆጥረው ሰው የሰከረ ይመስላል! «አንድ» በጊዜው ይመጣል፣ «ሦስት» ይዘገያል፣ «አራት» ይቸኩላል። መስመሩን መልሼ አየሁ። ልክ ነው። ጆሮዬን መልሼ ጠየቅሁ። ልክ አይደለም አለኝ። ግማሽ ቀን ኮምፒውተሩን ስሰድብ ዋልኩ።

ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አልነበረም። በ1976 እንግሊዝ አገር ሦስት ተመራማሪዎች በዚሁ ችግር ተጠምደው አንድ ነገር አገኙ። አንድ ቃል ለጆሮ «የሚወድቅበት» ቅጽበት ድምፁ የሚጀምርበት ቅጽበት አይደለም። ወደ አናባቢው መነሻ የቀረበ ነው። «ሦስት» ስንል መጀመሪያ ስስስ አለ። ያ ስስስታ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ሊወስድ ይችላል። ጆሮ ግን እሱን እንደ መንደርደሪያ ነው የሚያየው። ምቱ የሚያርፈው «ኦ» ላይ ነው። «አራት» መንደርደሪያ የለውም፤ እንደጀመረ ያርፋል። ስለዚህ እኔ የመስመሩ ላይ እኩልነት ፈልጌ የጆሮውን እኩልነት አበላሸሁ። አሁን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብላችሁ በእጃችሁ እያጨበጨባችሁ ቁጠሩ። «ሦስት» ላይ ስስስታው ከጭብጨባው ቀድሞ ይወጣል። ማንም አላስተማራችሁም። አፋችሁ ያውቀዋል።

የቋንቋ ሰዎች ድሮ የንግግር ምት ልክ እንደ ሙዚቃ እኩል ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሎይድ ጄምስ የሚባል ሰው በ1940 አንዳንዱን ቋንቋ ከመትረየስ፣ አንዳንዱን አጭርና ረዥም ድምፅ እያፈራረቀ ከሚላክ የሞርስ ቴሌግራም ጋር አመሳሰለው። ኬኔት ፓይክ በ1945 ስም አወጣለት፦ አንዳንዶቹ ቋንቋዎች በየቀለሙ፣ ማለትም በየክፍለ ቃሉ፣ እኩል ጊዜ ይሰጣሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ በጠንካራ ቀለም መካከል እኩል ጊዜ ይጠብቃሉ። ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። ሲለካ ግን አልተገኘም። በሰዓት ሲመዘን የማንም ቋንቋ ክፍተት እኩል አይደለም። ቢሆንም ጆሮ ልዩነቱን በርግጥ ይሰማል። በ1998 በወጣ ጥናት የፈረንሳይ አራስ ሕፃናት፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚሰማ ወሬ ቃላቱ የታፈኑ ንግግር ሲሰሙ እንግሊዝኛን ከጃፓንኛ ለዩ። እንግሊዝኛን ከደች ግን አልለዩም፤ የሁለቱ ምት ይቀራረባልና። ለዩ ወይ አልለዩ የሚታወቀው ጡጦ ሲጠቡ በአጠባባቸው ፍጥነት ነው። ሕፃኑ አዲስ ነገር ሲሰማ በኃይል ይጠባል።

የኛን ቋንቋ ብንወስድ ደግሞ ጊዜ ራሱ ትርጉም ይሸከማል። «ወንድሜ አለ።» ምን አልኳችሁ? «ለ» ላልቶ ከተነበበ ተናግሯል። ጠብቆ ከተነበበ እዚህ አለ። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ ይሰፋል፤ ጠብቆ ሜዳ ነው። ፊደላችን ይህን አይጽፈውም። ልዩነቱ ምላስ ወይም ከንፈር ቦታው ላይ ጥቂት መቆየቱ ብቻ ነው። «ጥቂት» ስንት ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። ቸኩሎ የሚያወራ ሰው ያጠበቀው ድምፅ፣ ተረጋግቶ የሚያወራ ሰው ካላላው ላይበልጥ ይችላል። ስለዚህ ጆሮ ሰዓት ይዞ አይለካም። የተናጋሪውን አካሄድ ይይዝና «በዚህ ሰው ፍጥነት አሁን ማለቅ ነበረበት፣ ቆየ፤ ስለዚህ ጠበቀ» ይላል። ቧንቧው ነው። እያንዳንዷ ቃል ውስጥ ቧንቧው አለ።

የማናውቀው ቋንቋ ሁሉ የሚፈጥንብንም በከፊል ለዚህ ይመስለኛል። መጠበቂያ የለንም። ቃሉ የት እንደሚያልቅ ስለማናውቅ አንድ ረዥም ጅረት ይሆንብናል። እርግጥ የቋንቋዎች ፍጥነትም ይለያያል። በ2019 የታተመ ጥናት 17 ቋንቋዎችን አወዳድሮ በሰከንድ የሚነገሩት ቀለሞች ብዛት በጣም እንደሚለያይ አሳይቷል። ግን ፈጣኖቹ በእያንዳንዱ ቀለም የሚያስተላልፉት መረጃ አነስ ያለ ነው። ሁሉም ተደምሮ በሰከንድ 39 ቢት አካባቢ ይገናኛሉ፤ ቢት የመረጃ መለኪያ ነው።

የንግግር ምት የሚታወቀው ግን ሲበላሽ ነው። በኢንተርኔት ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ድምፁ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። «እኔ የምለው...» «ይቅርታ ቀጥል።» «አይ አንቺ ቀጥዪ።» ዝም። እንደገና ሁለቱም አብረው ይጀምራሉ። እነዚህ ሰዎች ፊት ለፊት ቢገናኙ ስድ አይደሉም። በ2009 የታተመ የአሥር ቋንቋዎች ጥናት እንዳሳየው፣ አንዱ ጠይቆ ሌላው እስኪመልስ ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። አንድ ቃል አስቦ ለመናገር ግን 600 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያስፈልጋል። ሂሳቡን ሥሩት። መልሳችንን የምንጀምረው ሌላው ሰው ሳይጨርስ ነው፤ የት እንደሚጨርስ ገምተን። ኳሱን ቀድመን እንደምንጠብቀው። ኔትዎርኩ ኳሱን ትንሽ ሲያዘገየው እጃችን ባዶ አየር ይጨብጣል።

ንግግርና ዘፈንን የሚለየው ግድግዳም ቀጭን ነው። ዳያና ዶይች የምትባል ተመራማሪ በ1995 የራሷን የተቀዳ ንግግር እያስተካከለች ነበር። አንዲት አጭር ሐረግ ሳታስበው እየተደጋገመች ትጫወታለች። ሻይ ይዛ ይሁን ምን አላውቅም፣ ብቻ ድንገት ክፍሉ ውስጥ ሰው የሚዘፍን መሰላት። የራሷ ንግግር ነው። አንድም ነገር አልተነካም። ከተደጋገመ በኋላ ጆሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል፤ ትርጉሙን መፈለግ ትቶ አወጣጡንና አወራረዱን መከተል ይጀምራል። ስልካችሁ ላይ የአንድ ሰው የድምፅ መልእክት ካለ ሦስት ቃል ቆርጣችሁ አሥር ጊዜ ደጋግሙት። ሁሉም ሐረግ አይሆንም፤ ሲሆን ግን ያ ሰው ከዚያ በኋላ ሲያወራችሁ መሳቅ ትጀምራላችሁ። ከእኔ ላይ የደረሰ ስለሆነ አስጠንቅቄያለሁ።

የመጨረሻዋን ነገር እናንተው ናችሁ የምታሳዩኝ። ጥሩ ትርኢት ሲያልቅ አዳራሹ ያጨበጭባል። መጀመሪያ ዝናብ ነው፤ ሁሉም በየራሱ። ከዚያ አንዳንዴ፣ ማንም ሳያዝዝ፣ ሁሉም አንድ ላይ መምታት ይጀምራሉ። በ2000 የወጣ ጥናት በሩማንያና በሃንጋሪ አዳራሾች ውስጥ ይህን ቀድቶ መርምሮታል። ሰዎች አንድ ላይ የሚሆኑት ሲፈጥኑ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው የጭብጨባውን ፍጥነት በግማሽ ያህል ሲቀንስ ነው። ቀስ ሲሉ የጎረቤታቸውን እጅ መጠበቅ ይችላሉ። ግን ቀስ ሲሉ የአዳራሹ ጩኸት ይቀንሳል፤ የተደሰተ ሰው ደግሞ መጮህ ይፈልጋል። ስለዚህ ይፈጥናሉ። ሲፈጥኑ ይበተናሉ። ተመልሶ ዝናብ ይሆናል።

አመሰግናለሁ፤ ጨርሻለሁ።

(ጭብጨባው ዝናብ ሆኖ ጀመረ። የነገርኳቸውን ሊሞክሩ ፈልገው ይመስላል፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ቀስ አሉና ገጠሙ። ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ አንድ ላይ መቱ። ከዚያ ሁሉም አንድ ጊዜ ዝም አለ። ከኋላ ረድፍ አንድ ልጅ ብቻ ቀጣዩን ሳይተወው ቀረ፦ ጧ።)